ዕጣው ወጣልኝ ወይስ ወጣብኝ?

በ2007 ዓ.ም. ሕክምና ተመርቄ፣ የሐኪሞች ምደባ ዕጣ የሚወጣበት አንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ ስሜ እስኪጠራ እጠብቅ ነበር። ፊት ለፊት ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ የተጠቀለሉ ቁርጥራጭ ወረቀቶች። እያንዳንዷ ላይ የአንድ ክልል ስም ተጽፏል። ስምህ ሲጠራ ትነሳለህ፣ አንዷን ታነሳለህ፣ ትከፍታለህ። በቃ። ስንት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ አጥተህ የተማርከው ነገር የት እንደሚውል የምትነግርህ ያቺ ጥቅልል ናት።

አጠገቤ የነበረው ልጅ አዲስ አበባ ወጣለትና ዘሎ አቀፈኝ። አንዲት ልጅ ደግሞ ወረቀቷን ከፍታ አየችና መልሳ ጠቀለለችው። ደግማ ስትከፍተው የሚቀየር ይመስል። የእኔ «አማራ» ይላል። ባሕር ዳር ሄጄ ደግሞ ሁለተኛ ዕጣ አነሳሁ። ደቡብ ወሎ። ወረዳዋን ግን አልጠራትም። ጉድለቷን ላወራ ስለሆነ ስሟ ይቅር።

ማታ ስደውል እናቴ «የት ወጣልህ?» አለችኝ። ጓደኛዬ ደግሞ «የት ወጣብህ?» አለኝ። አማርኛ በአንዲት ፊደል ነገር ይለያል። ኮንዶሚኒየም ይወጣልሃል። የእድር ድንኳን የመትከል ተራ ይወጣብሃል። የገጠር ሐኪምነት ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልቆረጠልኝም።

ከደሴ በአባዱላ ወጣሁ፣ ከዚያ ለቀረው መንገድ አይሱዙ ላይ ጋቢና ተሰጠኝ። ጋቢና የተሰጠኝ ዶክተር መሆኔ ስለታወቀ ነው። የአቀባበል ስብሰባ ተዘጋጅቶ ነበር። ካድሬው ተናገረ፣ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ተናገረ። በመጨረሻ አንድ ሼህ ተነሱና «አልሐምዱሊላህ፣ እኛስ ወጣልን» አሉ። ሰዎች ሳቁ። ከዕጣው ወዲያ ማዶ ደግሞ እንደ እኔው ወረቀት ሲያነሱ የኖሩ ሰዎች እንዳሉ ያኔ ነው የገባኝ።

በወረቀት ደረጃ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሰው ያገለግላል። ከሥሩ ጤና ጣቢያዎች አሉ፣ ከነሱ ሥር ጤና ኬላዎች። እኛ ሦስት ጠቅላላ ሐኪሞች ነበርን። አንዱ በአምስተኛ ወሩ ተዛውሮ ሄደ። ሁለት ሆነን ዲዩቲ ተካፈልን፤ አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን እሱ። አንዳችን ከታመምን ሌላው አይተኛም።

ሕዝቡ እኛን ለማቆየት ያልሞከረው የለም። እኚያ ሼህ ግፊታቸውን ሊለኩ በየሳምንቱ ይመጣሉ። ከለካሁ በኋላ ወሬ ይጀመራል። «ልጄ፣ ቦታ እናስመራልህና ቤት ሥራ። መስጂዱ አጠገብ ጥሩ ቦታ አለ። ቤተ ክርስቲያኑም ሩቅ አይደል፤ ወደ ፈለግኸው ጠጋ በል።» በሚቀጥለው ሳምንት ርእሱ ሚስት ነው። የማን ልጅ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰች፣ እናቷ ምን ዓይነት ባለሙያ እንደሆነች ይተርኩልኛል። እኔ እየሳቅኩ መድኃኒታቸውን እጽፋለሁ። ዛሬ ሳስበው ነገሩ የገባቸው እሳቸው ነበሩ። ሰው በደሞዝ ብቻ አይቀመጥም። ቤት፣ ልጅ፣ የሚያኮርፈው ጎረቤት ሲኖረው ነው አንድን ቦታ አገሬ የሚለው።

ደሞዙም ቢሆን ምን ደሞዝ አለ! የዲዩቲ ክፍያችን ወራት ይዘገይ ነበር፣ ልለምን አራት ጊዜ ወደ ሒሳብ ክፍል የወጣሁበት ወር አለ። ገንዘብ ምንም አይደለም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ደሞዙን ጠይቁት።

ግን ያባረረኝ እሱ አይደለም።

ሐምሌ ነው። መንገዱ በጭቃ ተይዟል። አንዲት እናት አምስተኛ ልጇን እዚያው እኛ ዘንድ በሰላም ወለደች፣ ከዚያ ደሟ አልቆም አለ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ይሆናል። አዋላጇ ሲስተር ማኅፀን አኮማትሮ ደም የሚያቆመውን መርፌ፣ ኦክሲቶሲን፣ ሰጠቻት። ማኅፀኗ አልኮማተር አለ። ደገመች። ምንም።

ስለ ኦክሲቶሲን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ሙቀት ሲያገኘው አቅሙን እያጣ ይሄዳል፣ መልኩ ግን አይለወጥም። ብልቃጡን ብታዩት ያው ነው። እኛ ጋ መብራት ከሄደ አራተኛ ቀኑ ነበር። ጄኔሬተሩ ናፍጣ ለመቆጠብ ሲባል ለኦፕራሲዮን ብቻ ይነሳል። ስለዚህ ፍሪጁ ውስጥ ያለው መድኃኒት ምን ያህል ጉልበት እንደቀረው የሚያውቅ የለም። ሙቀት የማይፈራው እንክብል፣ ሚሶፕሮስቶል፣ አልቆብናል። እኔ የኦክሲቶሲንን መጠን፣ አሠራር፣ የጎንዮሽ ጉዳት በቃሌ ነው የማውቀው፤ ፈተና ላይ ደፍኜዋለሁ። «ፍሪጁስ ይሠራል?» ብሎ የጠየቀኝ መምህር ግን አልነበረም።

ኦፕራሲዮን የሚሠራው ባልደረባችን ቤተሰቡን ሊጠይቅ ሄዷል። አምቡላንሷ ሌላ እናት ይዛ ደሴ ናት። ሲስተር አንድ እጇን ከውስጥ፣ አንዱን ከላይ አድርጋ ማኅፀኑን ጨምቃ ያዘች። «ዶክተር፣ አንተ ስልክህን ያዝ። እኔ እጄን አላነሳም» አለችኝ።

ኔትወርክ ያለው ግቢው ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከማዋለጃው ጀርባ፣ ከውኃ ታንከሩ ሥር። ሮጬ ወጣሁ። የመጀመሪያው ሰው አላነሳም። ሁለተኛው ስልኩን ዘግቷል። ሦስተኛው እኔ ኢንተርን (የመጨረሻ ዓመት ተለማማጅ) ሳለሁ ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም) የነበረ ልጅ ነው፤ በእንቅልፍ ድምፅ አነሳው። ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «ኮንዶም አላችሁ?» አለኝ። የተሳሳትኩ መሰለኝ። «ኮንዶም! ካቴተር ላይ እሰረው፣ አስገባው፣ ግሉኮስ ሳይሆን ሴላይን ሙላበት። ከውስጥ ገፍቶ ይዘጋዋል።» ካቴተር ቀጭን ቱቦ ነው፣ ሴላይን የጨው ውኃ፤ ነገሩን መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ። አንድ አንቀጽ ነበረች፣ ለፈተና አትመጣም ተብላ የታለፈች።

ግን ስልኩን ይዤ ወደ ውስጥ ብገባ ይቋረጣል። ጥበቃው ጋሼ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው አጠገቤ ቆመው ነበር። ስልኩን ለሳቸው ሰጠሁና ገባሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በጩኸት ነው የተካሄደው።

«ዶክተር! ‹አሠርከው ወይ?› ይልሃል!»

«አሥሬያለሁ በለው!» አልኩ፤ በድንጋጤ ጋሼን አንተ ብዬ።

«‹ስንት ሞላህ?› ይልሃል!»

«300!»

«‹ጨምር› ይልሃል!»

ቤተሰቡ በረንዳው ላይ ተኮልኩሎ ሁሉን ይሰማል። ኮንዶም የሚለው ቃል በዚያ ጨለማ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተጮኸ አልቆጠርኩም። የሴትዮዋ አማት «ምን ይሆን የሚሉት?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ደሙ ቀስ እያለ ቀነሰ። ከዚያ ቆመ። ሲስተር እጇን ስታወጣ ጣቶቿ አልዘረጋ ብለዋት በሌላ እጇ ትዘረጋቸው ነበር። ሊነጋጋ ሲል አምቡላንሷ ተመለሰችና ለደም ወደ ደሴ ላክናት። ከሁለት ወር በኋላ ልጇን አዝላ አንድ ጣሳ ማር ይዛ መጣች። ማሩን ሲስተርና ጥበቃው ጋሼ ተካፈሉት፣ ለኔ ማንኪያ ደረሰኝ። ትክክል ነው።

ሁልጊዜ እንዲህ አያልቅም። በመስከረም የሞተችብንን ልጅ ታሪክ አልጽፈውም። ያን ሌሊትም ታንከሩ ሥር ቆሜ ነበር። ያነሳ ሰው አልነበረም።

ከተማ ያለ ሰው ሐኪም ገጠርን የሚሸሸው ሻወርና ማኪያቶ ስለሌለ ይመስለዋል። እሱም አለ፣ አልክድም። እኔን የከበደኝ ግን ብቻን መወሰን ነው። ማስተማሪያ ሆስፒታል ውስጥ ኢንተርኑ ሬዚደንቱን ይጠይቃል፣ ሬዚደንቱ ሲኒየሩን። ሁልጊዜ ከአንተ በላይ ሰው አለ። ሰባት ሆናችሁ ራውንድ ትዞራላችሁ። ላቦራቶሪው ቅርብ ነው፣ ራጁ ቅርብ ነው፣ ደም ባንኩ ቅርብ ነው። እንዲህ አሠልጥነው አንድ ቀን ጠዋት ከአንተ በላይ ፈጣሪና የውኃ ታንከር ብቻ ወዳለበት ይልኩሃል። ከዚያ ለምን አልቆየም ይባላል።

ተማሪ ሳለን ቲቲፒ የሚባል ነገር ነበረን። የሕክምናው፣ የነርሱ፣ የላቦራቶሪው፣ የአካባቢ ጤናው ተማሪ በቡድን ሆኖ ገጠር ጤና ጣቢያ ወርዶ የሚሠራበት ነው። እኛ እንደ ሽርሽር ነው ያየነው። መጸዳጃ ቤት ቆጠርን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ሪፖርት ጻፍን፣ ተመለስን። ይህ ነገር ከየት እንደመጣ ያነበብኩት ወሎ ሆኜ፣ መብራት በሌለበት ሌሊት በስልኬ ብርሃን ነው። መነሻው ጎንደር ነው። በ1940ዎቹ ደንቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ፈጀ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1947 ዓ.ም.፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የሚገርመው ሐኪም ሊያሠለጥን አልነበረም የተከፈተው። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስ፣ ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) ነው ያሠለጠነው፣ ሦስቱንም አንድ ላይ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ እንዲሠሩ። በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ የወባ ወረርሽኝ መጣ፤ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። እንዲህ ባለ አገር ሐኪም እስኪበዛ እንጠብቅ ማለት ቀልድ ነው። የዚያን ዘመን ሰዎች ይህን አውቀውታል።

ከዚያ እኛ አዋቂ ሆንን። ጎንደር በ1971 ዓ.ም. ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ሐኪም ማስተማር ጀመረ። ጥሩ ነው። ግን የጤና መኮንኑ ሥልጠና ለዓመታት ተቋረጠ። ጤና መኮንኑን «ግማሽ ሐኪም» ማለት እንወዳለን። እኔም እል ነበር።

አፌን ያዘጋኝ ያ ኦፕራሲዮን የሚሠራው ባልደረባዬ ነው። ጤና መኮንን ነበር። በ2002 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረ ሥልጠና አለ፤ ጤና መኮንኖች ሦስት ዓመት ተምረው ምጥ የጠናባትን እናት በቀዶ ሕክምና ያዋልዳሉ፣ ትርፍ አንጀት ያወጣሉ፣ ድንገተኛ ኦፕራሲዮን ይሠራሉ። በሕግ ዶክተር አይባልም፣ ሕዝቡ ግን ዶክተር ነው የሚለው። ቢላ መያዝ ያስተማረኝ እሱ ነው። ዶክተሩ እኔ፣ መምህሩ እሱ። አንድ ቀን ስፌቴን አይቶ «ይሄ የቅኔ ተማሪ ደበሎ ይመስላል» ብሎኛል፤ ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት።

ሲስተርን ደግሞ ተመልከቱ። የተወለደችው አጎራባች ወረዳ ነው። እናቷ በእግር የአራት ሰዓት መንገድ ናቸው። ወላዶቹ ግማሾቹ ይዘመዷታል፣ የቀሩት ሊዘመዷት ይፈልጋሉ። እኔ ስመጣ ነበረች፣ ስሄድም ነበረች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ገጠር የሚቆይ ባለሙያ እንዴት እንደሚገኝ መመሪያ አውጥቶ፣ በ2021 አድሶታል። ከምክሮቹ ቀዳሚው የገጠር ልጆችን መርጣችሁ አስተምሩ የሚል ነው፤ ትምህርት ቤቱንም ከዋና ከተማ አውጡት፣ ተማሪውንም ገጠር እያላችሁ አስተምሩት ይላል። ሼሁ ይህን ሁሉ ሳያነቡ በሚስትና በቦታ ሊፈጽሙት ነበር።

እዚሁ አገር የተሠራበትም አለ። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ የመጡት አዋላጆች ሊያሠለጥኑ፣ ያውም ለሦስት ዓመት ተዋውለው ነው። ከዚያ ፌስቱላ የያዛቸውን፣ በምጥ ብዛት ተጎድተው ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸውን ሴቶች አዩና ቀሩ። የፌስቱላ ሆስፒታሉን እ.ኤ.አ. በ1974 ከፈቱ። ፌስቱላ ደግሞ ምጥ ገጠር ላይ ቀናት ሲፈጅ የሚመጣ ነው፤ ከተማ ተቀምጠህ እየሰፋህ አትጨርሰውም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ ተጨመረ። ልጃገረዶቹ ከገጠር ይመረጣሉ፣ ተምረው ወደመጡበት አካባቢ ይመለሳሉ። እኔን የነካኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ብቻቸውን አይላኩም፣ አብራቸው ሌላ አዋላጅ አለች። አንዷ እጇን ስታስገባ የምትሮጥ ሌላ ሰው አለች ማለት ነው።

እኛ ግን ቁጥር እንወዳለን። በ2004 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ሐሳቡ የጎርፍ ነው፤ ብዙ ካፈሰስን ሞልቶ ገጠር ይደርሳል። ሞላ። ገጠር ግን አልደረሰም። በ2011 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፊት ቀርበው ብሶታቸውን ሲያሰሙ፣ ሥራ ያጣ ሐኪም የሚባል ከዚያ በፊት ሰምተን የማናውቀው ነገር መጥቶ ነበር። ወረዳው ሐኪም የለኝም ይላል፣ ሐኪሙ ሥራ የለኝም ይላል፣ በመካከል የደሞዝ በጀት የለም። ግንቦት 2017 ዓ.ም. ላይ ደግሞ የጤና ባለሙያዎቹን የሥራ ማቆም ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ስለሱ ብዙ ተጽፏል፣ አልደግመውም።

ሌላው የማይወራው መሰላሉ ነው። አንድ ጠቅላላ ሐኪም ልደግ ካለ ስፔሻሊስት ይሆናል። ስፔሻሊስት ከሆነ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ላይ ብዙውን ጊዜ የሚቀመጥበት መደብ የለውም። ማደግና መሄድ አንድ ናቸው። እኔም በሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሬዚደንሲ አለፍኩና ሄድኩ። አሁን አዲስ አበባ ነኝ። ማኪያቶ አለ።

አንዳንዴ ራሴን የማጽናናበት ታሪክ አለ። የመጀመሪያው ዘመናዊ ኢትዮጵያዊ ሐኪም የሚባሉት ሐኪም ወርቅነህ፣ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ፣ ከዚያው ከወሎ ተራራ፣ ሕፃን ሳሉ በእንግሊዝ ጦር መኮንን ተወስደው ሕንድ አደጉ። ሐኪም ሆነው በርማ ሠሩ። አገራቸው የመጡት ከዐድዋ ድል በኋላ ነው። የአገራችን ዘመናዊ ሕክምና ታሪክ የሚጀምረው ርቆ በሄደ ሐኪም ነው እላለሁ። ግን እሳቸው ሕፃን ሆነው ተወስደው ነው። እኔ ትኬት ቆርጬ ነው የወጣሁት።

የሄድኩ ቀን ጥበቃው ጋሼ ሻንጣዬን እስከ መናኸሪያ ተሸከሙልኝ፤ እምቢ ብል አልሰሙም። ሼሁ መጥተው ዱዓ አደረጉልኝ። አልተቆጡም። «አብሽር ልጄ፣ ሌላ ይወጣልናል» አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሲስተር ዲዩቲ ላይ ስለነበረች ከበር እጇን አወዛወዘችና ተመልሳ ገባች። በነጋታው ሊመጣ የሚችል ሰው አሰብኩና፣ ከመውጣቴ በፊት የተረኛ ክፍሉ ግድግዳ ላይ በማርከር ስልክ ቁጥሬን ጻፍኩ። ከሥሩ «በማንኛውም ሰዓት» አልኩበት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ሆነ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደቡብ ወሎ ሲደርስ ስንት ጤና ተቋም ተዘረፈ። የእኛውን ሄጄ አላየሁትም። ግድግዳው ግን ቀለም እንዳልተቀባ አውቃለሁ፤ በዓመት ሁለት ሦስቴ ይደወልልኛል። አንዳንዱ የመድኃኒት መጠን ሊጠይቅ ነው። አንዱ ልጅ የደወለው ሌሊት እንዴት እንደሚታለፍ ሊጠይቀኝ ነበር። አንድ ሰዓት ስለ እግር ኳስ አወራን።

ባለፈው ወር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር። የሴት ድምፅ ነው፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል።

«ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ቁጥርዎን ግድግዳ ላይ አግኝቼ ነው።»

«የት ሆነሽ ነው የምትደውይው?»

«እዚህ ውጭ፣ ታንከሩ ሥር።»

ከአልጋዬ ተነስቼ ተቀመጥኩ። «ሲስተር አለች?»

«አለች። እጇ ውስጥ ነው።»

«እሺ» አልኳት። «ስልኩን ለጥበቃው ስጪና ግቢ።»